እናቴ ለእንግዳ ስትነሳ

እናቴ ሰው ሲገባ ቁጭ ብላ መቀበል አታውቅም። የገባው ቄስም ይሁን እሳት ሊጭር የመጣ የጎረቤት ልጅ፣ «ኖር!» ብላ ከመቀመጫዋ ትነሳለች፤ እንግዳው «በእግዜር! በእግዜር!» ብሎ እስኪያስቀምጣት ድረስም አትቀመጥም። ከደሴ ወዲያ ባለው ደጋ፣ እኔም በተወለድኩበት አገር፣ በእሷ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። እኔ አዳማ ከገባሁ ብዙ ዘመን ስለሆነኝ፣ እዚህ ደግሞ ለገባ ሰው ወንበር በእጅ ማሳየት ስለሚበቃ፣ ነገሩን ረስቼው ነበር። ያስታወሰችኝ ከቀዶ ጥገና ክፍል ስትወጣ ነው።

የወደቀችው በጥምቀት ሰሞን፣ ከቅዳሴ ስትመለስ፣ ውርጭ ያረጠበው ድንጋይ ላይ አዳልጧት ነው። የጭኗ አጥንት ከዳሌዋ ሥር ተሰበረ። ወንድሜ ደውሎ «ሚስቴ አራስ ናት፣ ማን ያስታምማታል?» ሲለኝ «ወደ እኔ አምጣት» አልኩት። መኪና ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጓዝ ውሎ አመጣት። እዚሁ ከተማ ሐኪም ቤት ገብታ ብረት ተደረገላት። ሰመመኑ በቅጡ ሳይለቃት የሐኪሙን ጋውን ጨምድዳ ያዘችና፦

«ጌታዬ፣ እንግዲህ ለሰው መነሳት እችላለሁ?» አለችው።

ሐኪሙ ስለ መራመድ የጠየቀችው መስሎት «ይሄዳሉ እማማ፤ እንዲያውም ይሮጣሉ» አላት።

«መሮጡ ይቅርብኝ። ቤቴ ስገባ አገሩ ሁሉ ‹እንኳን ለዚህ አበቃሽ› ሊለኝ ይመጣል። ተቀምጬ ልቀበለው ነው? ቆሜ ልቀበል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ፈቃዱ።»

በማግስቱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው መጣ። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ክንዱ የጠነከረ፣ ከወለጋ የመጣ ጴንጤ ወጣት ነው። «ዛሬ እንነሳለን» ሲላት ያበደ መሰላት፤ እኔም መሰለኝ። ግን በብብቷ ደግፎ አቆማት፤ ዎከር የሚሉትን ባለ አራት እግር ብረት ምርኩዝ አስጨበጣትና ሁለት ሦስቴ እግሯን አነሳች። አለቀሰች፤ ቢሆንም አነሳች። ከሐኪም ቤት ስንወጣ ለእኔ የሰጠኝ ምክር ረጅም አልነበረም። ብዙ አትተኛ፤ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ደጋግማ ትለማመድ፤ በዎከር ቀስ እያለች ትሂድ፤ በየሳምንቱ እየመጣች ትታይ። «አጥንቱን ብረቱ ይዞታል። የቀረው የጡንቻ ሥራ ነው፤ እሱን ደግሞ እኔም ልሠራላቸው አልችልም፣ አንቺም አትችይም» አለኝ።

ሁሉንም ሰምቻለሁ። ልቤ ውስጥ የቀረው ግን በመጨረሻ እግረ መንገዱን የጣለው ቃል ነው፤ «ደግሞ እንዳይወድቁ» ያለው።

አንድ ኮሌጅ ውስጥ ንብረት ክፍል እሠራለሁ። የሚሰበር ዕቃ እንዴት እንደሚቀመጥ ለሌላው የማስተምር እኔ ነኝ፤ ከታች፣ ወደ ጥግ፣ ሰው በማያልፍበት። ቤቴንም እንደዚያው አዘጋጀሁ። ምንጣፉን ጠቀለልኩ፤ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፋሁ፤ አልጋዋን ማእዘን ውስጥ አስገባሁ። መጸዳጃችን ቁጢጥ የሚባልበት ስለሆነ መሐሉ የተበሳ ወንበር አሠራሁላት። የቅዱሳን ሥዕሎቼን ተኝታ እንድታያቸው ከአልጋዋ ትይዩ ሰቀልኩ። ሁሉን ከጨረስኩ በኋላ ቤቱ መሐል ቆሜ ሳየው ምንም የጎደለ ነገር አልታየኝም።

ጠያቂ መምጣት ጀመረ። ግቢው ውስጥ በየክፍሉ ተከራይተን የምንኖር ሰዎች አለን፤ የማኅበር ጓደኞቼ አሉ፤ የመሥሪያ ቤት ሰዎች አሉ። ብርቱካኑንና ለስላሳውን ይዘው መጋረጃውን ገለጥ ባደረጉ ቁጥር እናቴ «ኖር!» ትላለች፤ ክንዷን ፍራሹ ላይ ተክላ ወገቧን ታነሳለች፤ የተሰፋው ጎኗ ሲወጋት ፊቷ ይጨማደዳል። እኔ ከጓዳ እየሮጥኩ እመጣለሁ።

«እማዬ፣ በእመቤታችን! ታመሻል እኮ።»

«እግሬ ነው እንጂ ይሉኝታዬ አልተሰበረ።»

እሷን መለመን እንደማያዋጣኝ ሳውቅ ወደ ጠያቂዎቹ ዞርኩ። በሩ ላይ እየጠበቅሁ በጆሯቸው ነገርኳቸው፤ ገና ሳትገቡ «በእግዜር» በሉልኝ፣ እንዳትነሳ። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ፣ ቤቷ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ የአርሲ ሴት ናት፤ ነገሩ አሳቃት።

«መጋረጃውን ሳልነካ?»

«ሳትነኪ።»

«ወላሂ እማማ አይነሱ!» እያለች ከደጅ እየጮኸች ትገባ ጀመር። ሌላውም ተከተላት። ድምፅ ቀድሞ ይገባል፣ ሰውየው ኋላ ይደርሳል። እናቴ በጅምሯ ትቀራለች። አንድ ቀን ነገሩ ገርሟት «ምነው የናዝሬት ሰው ከሜዳ ይጮሃል? አገሩ ነፋስ ስለሆነ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ነፋስ ስለሆነ ነው» አልኳት።

ለክትትሉ አንድ ቀን ብቻ በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። መንገዱ ኮብልስቶን ነው፤ ባንገጫገጨን ቁጥር እጄን ትጨምቀዋለች። ከዚያ ወዲያ መውሰዱን ትቼ፣ ያ ወጣት ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት እንዲመጣልን ለመንኩት። እሺ አለ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እኔ ደጅ ልብስ አጥባለሁ። ሲገባ «በእግዜር በል» ማለቱን ዘነጋሁ። መጋረጃውን ገልጦ ቆመ።

«ኖር!» አለች እናቴ።

ዝም።

«ኖር፣ ልጄ!»

ምንም አይልም፤ በሩ ላይ ተገትሯል። እኔ እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ ከኋላው ደረስኩ። እናቴ በአንድ እጇ ዎከሩን፣ በሌላው የአልጋውን ብረት ይዛ ከወገቧ ቀና ብላለች።

«በእግዜር በላት እንጂ!» አልኩት።

ወደ ኋላ ሳይዞር በእጁ ዝም በይ አለኝ። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ፣ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ፣ ቀስ ብላ ቆመች። ሙሉ በሙሉ ቆመች። ነጠላዋንም አስተካከለች። ያን ጊዜ፦

«በእግዜር፣ እማማ፤ ይቀመጡልኝ» አለ፣ ዝቅ ብሎ እጅ እየነሳ።

ቁጭ ብላ ትንፋሿን ሰበሰበችና «የማን ልጅ ነህ አንተ? አሳዳጊ አልነበረህም? አሮጊት አስነስቶ የሚያይ!» አለችው።

«አሳዳጊስ ነበረኝ። አንዴ ልመለስና እንደገና ልግባ፣ ምናልባት አስተካክል ይሆናል» ብሎ ወጣ። ከመጋረጃው ማዶ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማል። ተመልሶ ገብቶ ደግሞ ዝም አለ።

«ኖር... ኧረ የዚህ ልጅ ነገር!» አለች። ሳቋ ሲመጣ እጇ እየላላ፣ እየሳቀች ተነሳች። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ሲሄድ እስከ ግቢው በር ሸኘሁት።

«በቀን ስንት ሰው ይጠይቃቸዋል?»

«ብዙ ነው፤ ሰው አይጠፋም።»

«ሁሉም አይነሱ ነው የሚሏቸው?»

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው።»

ራሱን አከክ አከክ አደረገ። «እህቴ፣ ሐኪም ቤት እኔ ተነሱ ስላቸው ‹ነገ› የሚሉኝ ሴትዮ፣ ለሰው ሲሆን ማንም ሳያዛቸው ይነሳሉ። ይሄን የመሰለ መድኃኒት የለኝም። ተያቸው ይነሱ።»

ፍራሽ ላይ ከመቀመጥ ወንበር ላይ መዋል ይሻላል ብሎ፣ ሦስት የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱን ባንዱ ውስጥ ሰክቶ ከፍ ያለ መቀመጫ ሠራላት። ከፍ ካለ ነገር መነሳት ይቀላልና። «እየበረቱ ሲሄዱ አንድ አንዱን ታወጫለሽ» አለኝ። ለግቢው ሰውም እሱ ራሱ እየዞረ ነገረ፤ «በእግዜር» የሚባለው ከቆመች በኋላ ብቻ ነው።

እነዚያ ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። ጎረቤቴ ጨዋታ አደረገችው። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ተቋረጠ ማለት መጣች ማለት ነው።

«አካም ጂርቱ እማማ? ክብሪት አላችሁ?»

«ኖር! ቅድም ወስደሽ አልነበር?»

«ነፋስ አጠፋብኝ።»

«ክብሪቱን ወይስ እሳቱን?»

«ሁለቱንም! ኧረ ቀጥ ይበሉ እማማ፣ ገና ጎብጠዋል፣ በእግዜር አልልም።»

«አንቺማ ጉልበቴን ልትጨርሺው ነው የመጣሽ። በይ በይ፣ ፈያ ነኝ፣ ነጋ ነኝ፣ ከዚህ በላይ ኦሮምኛ የለኝም። አስቀምጪኝ!»

የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ አንዱን ወንበር አወጣሁ። እናቴ በዎከሯ እስከ በሩ፣ ከዚያም ግቢው ውስጥ እስካለው የኒም ዛፍ መድረስ ጀመረች። እዚያ ጥላ ሥር ቆማ መውጪያውን እያየች «ክረምት ሳይገባ አገሬ ትሸኙኛላችሁ፤ ቆሜ እቀበላቸዋለሁ» ትላለች። ባለሙያው ጾሙ ጡንቻዋን እንደሚጎዳ ነግሮኝ የንስሐ አባቴን ጠይቄላት ነበር። እሳቸውም ለበሽተኛ ነውና ወተትም እንቁላልም ትቅመስ ብለው ፈቀዱ። እሷ ግን «ከልጅነቴ ያልፈታሁትን በስተርጅና አልፈታም» አለች። አልተከራከርኳት። እንዲያውም ኮራሁባት።

እኚሁ የንስሐ አባቴ ናቸው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሊጠይቋት የመጡት። እኔም ያን ቀን ቤት ነበርኩ። እናቴ ቆባቸውን ገና በመጋረጃው ስታይ ዎከሩን አልፈለገችም። «ኖር!» ብላ በእጆቿ ብቻ ተገፍታ ተነሳች፤ ቆመች። በዚህ ቢበቃት ምን ነበር። መስቀሉን ልትሳለም እንደ ልማዷ ከወገቧ እስከ ጉልበቷ ዝቅ አለች። በዚያው ጉልበቷ ከዳት። አባ ነጠላዋን ያዙ፣ ነጠላው በእጃቸው ቀረ፤ እሷ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች።

ቤቱ ውስጥ የጮኸው የእኔ ድምፅ ነበር።

ምንም አልሆነችም። በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ወስደን ራጅ ተነሳች፤ ብረቱ በቦታው ነው፣ አጥንቱም ደህና ነው ተባለ። ያ ወጣትም ፊልሙን አይቶ «ይወድቃሉ። ዳዴ የሚል ልጅም ይወድቃል። ነገ ይነሱ፣ እንዳይፈሩ» አለኝ። እናቴ አልፈራችም ነበር። መኪና ውስጥ ስንመለስ «መስቀሉን ሳልሳለመው ቀረሁ» እያለች ነበር የምትቆጨው።

የፈራሁት እኔ ነኝ። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ነጠላው በአባ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ይታየኛል። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ልሄድ ስል ዎከሩን አንስቼ ማድ ቤት ወሰድኩት፤ ከከሰል ጆንያው ኋላ አቆምኩት። ያወጣሁትን ወንበር መልሼ ሰካሁ፤ ከዚያ ደግሞ ወንበር የሚባለውን ትቼ አልጋው ላይ በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳት። ለግቢው ሰው «እኔ በሌለሁበት አትግቡባት፣ እሑድ እሑድ ጠይቋት» አልኳቸው። ለወጣቱ ስልክ ደውዬ «ሰሙነ ሕማማት እየደረሰ ነው፤ እስከ ፋሲካ ትረፍ፣ እኔ እጠራሃለሁ» አልኩት። «ዕረፍቱ አይጠቅማቸውም» አለ። «በሰላም ያድርሰን» ብዬ ዘጋሁ።

ከእናቴ ጋር ክርክር ይገጥመኛል ብዬ ቃል ሳዘጋጅ ነበር። አልተከራከረችኝም።

«ምርኩዜን ወዴት አደረግሽው?»

«አስቀመጥኩት እማዬ። እኔ ስመጣ ይዤሽ እንሄዳለን።»

አየችኝ። አገሯ ሆና ወንድሜ ይህን ቢያደርግባት ኖሮ በዱላ ታባርረው ነበር። «እሺ። ቤቱ ያንቺ ነው» አለችኝ፣ ትራሱን እያመቻቸች።

ይህን ቃል ያን ጊዜ እንደ ምርቃት ነው የሰማሁት። በልጅ ቤትም ቢሆን እንግዳ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ያስቀመጡት ቦታ ይቀመጣል። ሰው አክባሪ ሴት ናትና የእኔንም ቤት ሕግ አከበረችልኝ።

ከሥራ ስመለስ ደክሞኝ እመጣለሁ። ራት አበስላለሁ፣ አጥባታለሁ፣ ዳዊቴን እደግማለሁ። «እንሂድ?» ስላት «ዛሬስ ደክሞሻል፣ ነገ» ትላለች፤ እኔም «ነገ» እላለሁ። ጸሎቴን ሳስበው አሁን ይገርመኛል። ሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆሜ ማታም ጠዋትም የምለምነው እንዳትወድቅ ብቻ ነበር። ለመውደቅ መጀመሪያ መቆም እንዳለባት አንድም ቀን አልታሰበኝም።

ጎረቤቴ አንድ ምሽት በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«እማማ አሁን ለሽንትም ግድግዳ እየመቱ ይጠሩኛል። ድሮ አይጠሩኝም ነበር።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አስቸገርንሽ።»

«ስለ እኔ መሰለሽ የምነግርሽ?» ብላ ገባች። የስፌት መኪናዋ ያን ምሽት ቶሎ ዝም አለ።

የፋሲካ ዕለት ረፋድ ላይ ሰው ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጣ። እናቴን አዲስ ቀሚስ አልብሼ፣ ቄጠማ ጎዝጉዤ፣ አልጋዋ ላይ አስቀምጫታለሁ። ጎረቤቴም ባቅላባ ሠርታ በሳህን ይዛ መጣች። መጋረጃውን ገለጠችና እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆመች። ሳህኑን ይዛ፣ ሳቅ እያለች ትጠብቃለች።

እናቴ አየቻት። እጇ ከጭኗ ላይ አልተነሳም።

«ደህና መጣሽ። ግቢ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?» አለቻት።

ጎረቤቴ ወዲያው አልገባችም። ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች። እኔ ለእንግዶች ዳቦ እየቆረስኩ ነበር። «ኖር» የሚለው ቃል ቤቴ ውስጥ መሰማት ያቆመው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ከእናቴ ሌላ የሚለው ሰው አልነበረማ።

በዓሉ እንዳለፈ ለወጣቱ ደወልኩ። ቅዳሜ መጣ። ጭኗን በሁለት መዳፉ ለካው፤ ጣቶቹ ሊገናኙ ምንም አልቀራቸው። ከወንበሩ አነሳት፤ ግማሽ ሳትደርስ ተመልሳ ተቀመጠች። አልተቆጣኝም፣ አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

«አጥንቱ በደንብ ድኗል። ያለቀው ሥጋው ነው።»

«ይመለሳል አይደል?»

«እንሠራለን። ግን በእሳቸው ዕድሜ የሄደ ሁሉ አይመለስም፤ ያንን አልደብቅሽም።»

ዎከሩን ከከሰሉ ኋላ አወጣሁት። እጀታው ጠቁሮ ነበርና በሳሙና አጠብኩት። ወንበሮቹ አራት ሆኑ። ጎረቤቴ ክብሪቷን፣ ጨውዋን፣ መርፌዋን ስትጠይቅ ሰነበተች። እናቴ ትሞክራለች፤ ለመሞከሩ ለግማ አታውቅም። ግን ቀድሞ ሰው ስታይ ከሰውነቷ ቀድሞ የሚነሳ አንድ ነገር ነበረ፤ አሁን ሰው ሲገባ መጀመሪያ እኔን ታየኛለች። ፈቃድ የምትጠይቅ ነው የምትመስለው። «ተነሺ እማዬ» ስላት ትነሳለች፤ እንደ ትእዛዝ።

ጎረቤቴ «ሶደሬ ውሰጃት፣ ፍል ውሃው ያፍታታታል» አለችኝ። ባለሙያውም ቁስሉ ስለዳነ ይጠቅማታል አለ። እናቴ፣ ጎረቤቴና እኔ ሦስታችን ሄድን።

«ጠበል ነው?» አለች እናቴ፣ ዋናተኞቹን በነጠላዋ ጫፍ ከልላ እያየች።

«ጠበል አይደለም፤ ከመሬት የሚወጣ ሙቅ ውሃ ነው።»

«እንግዲህ እሱ ያፈለቀው አይደል፣ ምን ቸገረኝ። እነዚህን ራቁታቸውን ያሉትን ግን ዘወር አድርጊልኝ።»

ሰው ከሌለበት ጥግ ፈልገን ከነቀሚሷ አስገባናት። ውሃው ደረቷ ደረሰ። እጆቿን ይዤ ነበር። ቀስ ብላ ለቀቀችኝ። ቆመች። ያለ ዎከር፣ ያለ እኔ፣ ቀጥ ብላ። ቁጭ አለችና ደግማ ተነሳች፤ ቀሚሷ ዙሪያዋን እንደ ዣንጥላ ተነፋ። ጎረቤቴ ከዳር ሆና እልል አለች።

«ኖር!» አለቻት እናቴ ከውሃው ውስጥ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ሳቅ ብላ፣ «ምነው እንግዳ ሁሉ እዚህ በመጣልኝ» አለችኝ።

ስናወጣት ውሃው ከላይዋ እየወረደ ሲሄድ ክብደቷ ተመልሶ መጣ። ደረጃውን ሁለት ሆነን ተሸከምናት።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ ወንድሜ መጣ። አንድ ወር ትቆይ ብዬው ነበር፤ እሷ ግን «ይበቃኛል፤ ክረምት ከገባ መንገዱም አይሆን» አለች። ወንበሮቹን ከመኪናው ጣራ ላይ አሰርናቸው። ጎረቤቴ አቅፋ አልቅሳ፣ በራሷ የሰፋችውን ቀሚስ ሰጠቻት። ወጣቱም ቅዳሜ ሳይጠብቅ መጥቶ ሸኛት፤ ወንድሜንም ይዞ እንዴት እንደሚያስነሳት፣ እንዴት እንደማይጎትታት አሳየው። በአዋሽ በኩል አድርገን፣ ኮምቦልቻን አልፈን፣ በማግስቱ አገራችን ገባን።

ሰው አስቀድሞ ሰምቶ ነበር። ወንበሮቿን ከምሰሶው አጠገብ ደራርቤ አስቀመጥኳት፤ ዎከሯን ፊቷ አቆምኩ፤ እኔ ከኋላዋ ቆምኩ። መጀመሪያ የገቡት የወንድሜ አማት ናቸው። እናቴ «ኖር!» ብላ የወንበሩን እጀታ ጨበጠች። «በእግዜር! በእግዜር! ምነው!» አሉ ሴትዮዋ፤ እዚያ አገር በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ የለም። ሁለተኛው ገባ፣ ሦስተኛዋ ገባች። ለሁሉም እጀታውን ትጨብጣለች፤ ስንዝር ያህል ከፍ ትላለች፤ «በእግዜር» ሲሏት ትመለሳለች። እስከዚያ ድረስ የሚታወቅ ነገር አልነበረም። ማንም ቢያይ፣ አክባሪዋ ሴት ልትነሳ ስትል አስቀመጧት ነው የሚለው። አንዳንዱም «ይኸው ድና መጣች፣ ተመስገን!» እያለ ነበር።

ከዚያ የክርስትና አባቷ ልጅ ገቡ። ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸውም የማይሰማ ሽማግሌ ናቸው፤ አብረው ያደጉ ናቸው። ጆሯቸው ስለማይሰማ «ኖር» ስትል «በእግዜር» አላሉም። ከዘራቸውን ይዘው እሷ ወዳለችበት ዞረው ቆመው ቀሩ።

እናቴ ገፋች። ክንዷ ሲንቀጠቀጥ፣ የአንገቷ ጅማት ሲወጠር ከኋላ አያለሁ። ግማሽ ደረሰች። እጄ ወደ ብብቷ ሄደ፤ ሳትዞር «ተዪኝ» አለችኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ተውኳት። ጥቂት ጨመረች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ማንም እንዳይጨነቅባት እየተጠነቀቀች፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

ሁሉም ያያታል። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ሳቅ አለች።

«ይቅር በሉኝ እናንተዬ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ናዝሬት ለሰው አይነሱም። እዚያ ሰንብቼ ስድነት ለምጄ መጣሁ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። «ከተማ አበላሻት!» አለ አንዱ። «ቆላ የገባ እንዲህ ነው!» አለች ሌላዋ። ሽማግሌውም ሰው ሲስቅ አይተው ሳቁ፣ ጎንበስ ብለው እጇን ሳሟት። እሷም እየሳቀች፣ የናዝሬትን ነፋስ፣ ከደጅ እየጮኸ የሚገባውን ሰው፣ የባጃጁን ንውጥውጥታ ታወራላቸው ጀመር። ስለ ልጇ ሲጠይቋት «እሷማ ከዓይኗ አላወጣችኝም፣ እግዜር ይስጣት» አለች።

እንግዶቹ ውሃ ጠምቷቸው ይሆናል ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። እንስራው ሙሉ ነበር። ጣሳውን ይዤ፣ ሳቃቸው እስኪያልፍ ድረስ እዚያው ቆምኩ።